ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር

ማክሰኞ
አልቆመም። ጠዋት የላብራቶሪውን በር ከፍቼ መጀመሪያ የሰማሁት የኮምፒውተሩን ማራገቢያ ድምፅ ነው። ተመስገን።

ትልቁ ኮምፒውተር የሁላችንም የማስተርስ ተማሪዎች ነው፤ በተራ እንጠቀማለን። የእኔ ተራ እስከ ዓርብ ነው። ፕሮግራሜ የቡና ቅጠል ፎቶ አይቶ በሽታውን መለየት እየተማረ ነው። ቀናት ይፈጃል። የጋራው ዲስክ ስለሞላ የደረሰበትን በየመሐሉ ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ከተቋረጠ ከዜሮ ነው። ሰኞ ውጤቱን ለአማካሪዬ ካላሳየሁ መመረቄ ለከርሞ ነው፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ፈቃድ አይሰጠኝም።

የምፈራው፦ መብራት፣ ዝናብ፣ ጌታሁን። ጌታሁን ከእኔ ቀጥሎ ባለ ተራ ነው፣ ከጌጫ ከተማ የመጣ ልጅ። በር ላይ ብቅ እያለ "ገና ነሽ እንዴ?" ይለኛል። አንድ ቀን ያጠፋብኛል።

ረቡዕ
ከሰዓት በአማን ከተማ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። የላብራቶሪው ጣሪያ ያፈሳል፣ ያውም ከኮምፒውተሩ አጠገብ።

የሸዋ ቤንች ወረዳ ቡና ገበሬ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ደመና ከታየ ሁሉም ሮጦ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ፕላስቲክ ያለብሳል። እጄ እኔን አላማከረኝም። ጥግ የነበረውን ፕላስቲክ አንስቼ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች ሸፈንኩት፣ ዳር ዳሩንም አጥብቄ ጠቀጠቅኩ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ
ድምፅ የለም።

መብራት አለ፤ ጠብታም አልነካውም። አፍኜው በሙቀት ራሱን አጥፍቷል። እኔው ነኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጌታሁን ገባ። ፕላስቲኩን አየ፣ እኔን አየ። "ምነው እህቴ፣ ቡና መሰለሽ?" አለ። ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

አሁን ከጀመርኩ ለሰኞ ይደርሳል፤ ግን የእሱን ተራ ይበላል። እንዴት እንደምለምነው ጠፋኝ። እሱ ስልኩን ይዞ ወጣ። ለአማካሪው ደውሎ ቀኑን እያስራዘመ ኖሯል። ሲመለስ "ጀምሪ" አለኝ። የራሱን ፎቶዎችም ወደ ፍላሽ አውርዶ ዲስኩ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። ስንት ቀን በሆዴ ሳማው የከረምኩት ሰውዬ! አፈርኩ።

ዓርብ
በየመሐሉ እያስቀመጠ ነው። ጠረጴዛውን ከሚያፈስበት ገፋነው፤ ከጠብታው ሥር ሳፋ አደረግን። ምሳ አልበላ አለኝ።

እሁድ
ከቸርች ስወጣ ደመና! በሩጫ መጣሁ። አሁን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ ሳፋው ሊሞላ ነው። ፕላስቲኩ ጥግ ላይ ነው፤ ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ።

አባቴ ደወለ፤ ጣሪያው እንደሚያፈስ ነግሬዋለሁ። "ልጄ፣ ቡናውን ሸፍነናል፤ አንቺስ ያንቺን ሸፈንሽ?"

"አልሸፈንኩም አባዬ" አልኩት። እስኪያምነኝ ቆየ።

ማራገቢያው ይሰማል። እስከ ነገ ጠዋት ይቀረዋል። ፕላስቲኩን እንዳያነሱ እጆቼ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ይህን የጻፍኩት አንዱን ለትንሽ ጊዜ ለቅቄው ነው።