ከዳዊቱ ጋር የሄደችው ካርድ

ሐሙስ

የምርጫ ካርዴ የለችም። ሳጥኑን ገለበጥኩ፣ የስፌት መኪናዬን መሳቢያ ፈተሽኩ፣ ያልዳበስኩት ኪስ የለም። ምርጫው ሰኞ ነው፤ ያለ ካርድ ደግሞ አያስመርጡም።

ባለፈው ምርጫ ተመዝግቤ፣ ሰልፉን ሳይ ማን ቆሞ ይውላል ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ጭቃ ባማረርኩ ቁጥር አባባ "አንቺ ደግሞ ምን አፍ አለሽ?" ይሉኛል። እውነታቸውን ስለሆነ የበለጠ ያናድደኛል። ዘንድሮ አፌን ማስመለስ አለብኝ።

ዓርብ

ቀሚስ እየተኮስኩ ትዝ አለኝ። እንዳትጠፋ ብዬ የአባባ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ከትቻታለሁ። የልጆቼ የክትባት ካርድ ሳይቀር የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ዳዊቱ ግን ማኅደሩ ውስጥ የለም።

"ይጁቤ ነዋ" አሉ አባባ፣ ረጋ ብለው። ባለፈው ሳምንት እዚያ የሚኖሩት ባልንጀራቸው ሲያርፉ ለቀብር ይዘውት ሄደው፣ እስከ አርባው እንዲደገምበት ለሟች ቤት ትተውት መጥተዋል። ካርዴንም ጭምር።

"በአርባው አመጣዋለሁ" አሉኝ።

ምርጫው አርባውን አይጠብቅም፣ አባባ።

ቅዳሜ

ከማርቆስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይጁቤ ሄድኩ። የሟች ባለቤት እትዬ አስካል ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ዳዊቱን ገለጥኩ። የለችም።

ምን እንደምፈልግ ስነግራቸው ከራስጌያቸው የተቋጠረ መሀረብ አውጥተው ፈቱ። የኔ ካርድ! ፊደል አልቆጠሩም፤ ከዳዊቱ ስትወድቅ አባባ ለባልንጀራቸው ያስቀመጡት ጸሎት መስሏቸው ጠዋት ማታ ሲሳለሟት ሰንብተዋል። ትቼላቸው ልሂድ ሁሉ ብዬ ነበር።

ትክ ብለው አዩኝና ሳቁ። "እኔ እኮ በምርጫ ካርድ ነው ስጸልይለት የከረምኩት" አሉ። ባላቸው ከተቀበሩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው እንደሆነ እህታቸው ነገረችኝ።

እሳቸውም ተመዝግበዋል፤ ከባላቸው ጋር፣ አብረው ሊሄዱ። "እኔ አውራ ጣቴን አሳርፌ ወጣሁ። ካርዱን እሱ ነው የያዘው፣ ካፖርቱ ኪስ ይሆናል። ልብሱን ግን አልነካሁትም፤ አልችልም።"

ባለፈው ሰልፍ አይቼ እንደተመለስኩና እስከ ዛሬ እንደሚቆጨኝ ብቻ ነገርኳቸው። ካርዴን አንድ ጊዜ ተሳልመው ሰጡኝ።

እሁድ

ካርዷን ደረቴ ውስጥ አድርጌ ቅዳሴ ሄድኩ። አባባ ሳቁብኝ፤ ይሳቁ።

ለነገ፦ ጃንጥላ። ቦት ጫማ። ቆሎ። ለአባባ በርጩማ።

እትዬ አስካል ከሐሳቤ አልወጡም።

ሰኞ

መረጥኩ! ዝናብ ውስጥ ሦስት ሰዓት ቆመን፣ አባባ በርጩማቸው ላይ ሆነው ሰልፈኛውን ሁሉ ሲያጫውቱ። ጣቴ ላይ ያለውን ቀለም እስካሁን አላጠብኩትም።

ስንመለስ እግሬ ጭቃው ውስጥ ገባ። እየጮህኩ አማረርኩ። አባባ ዝም።

አሁን ደግሞ እትዬ አስካል በእህታቸው ስልክ ደወሉ።

"ካፖርቱን ፈተሽኩት" አሉ። "ሁለቱም ካርዶች አንድ ላይ ታጥፈው ኪሱ ውስጥ ናቸው። የኔን ይዤ ሄድኩ። ሐዘንተኛ ናት ብለው ከፊት አሳለፉኝ።"

"የባለቤትዎንስ ምን አደረጉት?"

"ዳዊቱ ውስጥ ከተትኩት።"