ማንጎ ሥር ያደሩት ሰዎች

ረቡዕ

በመምህራን ስብሰባው ላይ ጨዋታው ይሰረዝ ብዬ እጄን አላወጣሁም፤ አይሰረዝ ብዬም አላወጣሁም። ዳይሬክተሩ «የስፖርት መምህሯ አንቺ ነሽ፣ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ቅዳሜ የሴቶች እግር ኳስ ቡድኔ የፍጻሜ ጨዋታ አለበት። ከተማው ውስጥ ደግሞ «ሜዳ ላይ ሰው ከተሰበሰበ ይመታል» የሚል ወሬ ገብቷል። ማን እንዳመጣው አይታወቅም። የሒሳብ መምህሩ «በወሬ የምንዘጋ ከሆነ ገበያውም ይዘጋ!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። «ኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን» ያለችው የባዮሎጂ መምህርትም እውነቷን ነው። ባለቤቴ አውቶቡስ ላይ ከተገደለ ወዲህ ሁሉም ሰው እውነቱን ይመስለኛል። ፍርሃት እንኳ አልመጣልኝም።

ለጊዜው ይቀጥል ተባለ። ማታ ሽሮ ሠራሁ። ጨው እንደረሳሁ ያወቅኩት በልቼ ስጨርስ ነው።

ሐሙስ

ልምምድ። አምበሌ ሐዋ ጥሩ ነበረች። የሆሞሻ ገጠር ልጅ ናት፤ እዚህ አሶሳ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። አባቷ አቶ ኢድሪስ ኳስ ለሴት አይሆንም ባይ ናቸው። «አንዴ መጥቼ በዓይኔ ልይ፤ ካልጣመኝ ትተዋለሽ» ብለዋታል። የሚያዩት የቅዳሜውን ነው።

«ቲቸር፣ ይሰረዛል እንዴ?» አለችኝ ጫማዋን እያሰረች።

«አላውቅም።»

«ከተሰረዘ አባዬ ሁለተኛ አይመጣም።»

ማጽናናት ነበረብኝ። ማሊያው ታጥቦ እንደሆነ ጠየቅኳት።

ዓርብ

ተሰረዘ። ከተማው ዳር ማንጎ ሥር፣ ረጃጅም ነገር በጆንያ ጠቅልለው የተቀመጡ ስድስት ሰዎች ታይተዋል አሉ። ዳይሬክተሩ ደወለ። «ደግ አደረግሁ አይደል?» አለኝ። «ደግ አድርገሃል» አልኩት።

ልጆቹ አለቀሱ። ሐዋ አላለቀሰችም፤ ማሊያዋን አጣጥፋ ሰጠችኝና ሄደች። እኔን መሰለችኝ። የእሷ ብቻ ትንሽ አመመኝ።

ቅዳሜ

ሰዎቹ ጠዋት ተይዘው ነበር። ጆንያው ሲፈታ መሣሪያ የለም፤ በበዓልና በሠርግ የሚነፋው የቅል ጡሩንባ፣ ዙምባራ ነው። ይዘውት የመጡት አቶ ኢድሪስ ናቸው። ልጃቸውን ሊያስደንቁ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ ለማንም ሳይናገሩ ከተማው ዳር ባለ ዘመድ ግቢ፣ ማንጎው ሥር አድረዋል። ፖሊሱ «ጡሩንባ ከሆነ ንፋው» አላቸው። አንድ ዙምባራ ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማ የሚሆነው ሁሉም ሲቀባበሉ ነው። ስለዚህ ስድስቱንም ጣቢያው ግቢ ውስጥ አስነፏቸው። ሰው ግር ብሎ ወጥቶ አጨበጨበ። ጨዋታው የቀረው ሰው እንዳይሰበሰብ ተብሎ ነበር።

ይህን ሁሉ እነሱ እኔ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ሰምቼ ነበር። ወደ ሜዳው ሲመጡ የጎሉን መረብ እያወረድኩ ነበር። ሐዋ ከኋላቸው ቆማለች።

«ሰላም ቲቸር። ጨዋታ የት አለ? ልጄ ዛሬ ይጫወታል ብሎኛል» አሉ አቶ ኢድሪስ፤ አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም አይለይም።

እናንተን ፈርተን ነው ማለት አቃተኝ። «ዝናብ ይመጣል ተብሎ ነው» አልኩ።

ቀና ብለው አዩ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። «እሺ» አሉ። «ዝናቡ ሲያባራ እንመጣለን። የልጄን ማሊያ ግን ስጠኝ።»

ሰጠኋቸው።

እሑድ

ወሬው አሁንም አለ። ዳይሬክተሩ ደወለ። «የሚመጣው ቅዳሜ ይደረግ ወይስ ይቅር? ዛሬ መልስ ስጪኝ» አለ።

«ይደረግ» አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ሐዋን፣ አባቷን፣ ሜዳውን የሚሞላውን ሰው አሰብኩ። ፈራሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ገና ዛሬ ፈራሁ።