አንተ የሮጥክበት ቻቻ

ይድረስ ለልጄ አባት፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠህ የምትውል ሰው ስለሆንክ ወገብህን ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ኦሮራ ገና ሙቀቱ አልለቀቀንም። ልጅህ ሔቨን ትምህርቷንም ልምምዷንም ይዛለች። እኔ ደግሞ ከደህናም ደህና ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

በደብዳቤ መምጣቴ እንደሚገርምህ አውቃለሁ። አንተ ካለህበት ከሊትልተን እኔ ቤት ድረስ ምን ያህል መንገድ ነው? ግን ስደውልልህ ተሳፋሪ ይዣለሁ ትላለህ፣ ቴክስት ሳደርግልህ አውራ ጣት ትልክልኛለህ። ይኼ በአውራ ጣት የሚመለስ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ኤርፖርት ተራ ስትጠብቅ ሞተሩን አጥፍተህ እስከ መጨረሻው አንብበው። መሀል ላይ ትናደዳለህ። ተናድደህም ቢሆን ቀጥል።

ነገሩ የሔቨን የበረዶ ላይ ዳንስ ነው። በሐምሌው ውድድር ውጤቱ እንደወጣ ተነሥተህ ስለሄድክ፣ የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ሔቨንና አብሯት የሚደንሰው ናታን ወደ ከፍተኛው ደረጃ ያለፉ ሰሞን አሰልጣኛቸው ሰብስባ ያነጋገረችን ቀን አብረን ነበርን። ከሁለቱ ዳንሶቻቸው በአንደኛው ሙዚቃው የግድ የላቲን ምት ይሁን አለችን፤ ቻቻ፣ ሩምባ፣ ሳምባ፣ ማምቦ፣ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ይግቡበት አለች። እንደ ሌላው ስኬቲንግ ዘሎ አየር ላይ መሽከርከር የለበትም፤ ሁለት ሰው ተያይዞ ምቱን ሳይለቅ የሚሄድበት ነው፣ ዳኞቹም ጆሯቸው ሙዚቃው ላይ፣ ዓይናቸው እግራቸው ላይ ነው አለች። ከዚያ ምርጫ ብላ ያሰማችን ዘፈኖች እነዚያው የበረዶው ሜዳ፣ ሪንኩ ውስጥ በየሳምንቱ የሚጮሁት ነበሩ። አንተ ሰዓትህን ታይ ነበር። ያኔ ነው ልጅህ በእንግሊዝኛዋ የአባቴ ባንድስ ያለችው። የአባቴ ባንድ! የዘፈንኩት እኔ፣ ባንዱ ያንተ። እንዳልሰማሁ ሆንኩ፤ ምክንያቱም ፊትህን አየሁት። ከአየር መንገዱ በር ላይ የጠፋ ሻንጣው የተገኘለት ሰው ትመስል ነበር።

እውነት ለመናገር ሐሳቡ ግሩም ነበር። ማን በረዶ ላይ የአማርኛ ቻቻ ሰምቶ ያውቃል? ድሮ ያ ሆቴል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወተው የነበረው ቻቻችን፣ አንተ ድራም፣ እድሪስ ኮንጋ፣ እኔ ማይክ ይዤ፣ ከነሳሉ ከነጭብጨባው የተቀዳው። አሰልጣኟ መጀመሪያውን ለክታ ፍጥነቱ ልክ ሕጉ እንደሚለው ነው አለች። ቀጥላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችን። ሕጉ ፍጥነቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይሁን ይላል፤ ይኼስ እንደዚያ ነው ወይ አለች።

ያን ቀን እድሪስ ጎማ ቤት ሦስታችን የቆምንበትን አስታውስ። ካሴቱን ሁለት ጊዜ ሰማነው። አንተ የጎማውን ቁልል በመዳፍህ፣ እድሪስ ጠረጴዛውን፣ እኔ ጭኔን እየመታን አብረን ወረድን። ሲያልቅ እድሪስ ፍጥነቱ ንቅንቅ አላለም አለ። አንተ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ማልክ። እኔም ማልኩ። አሰልጣኟ ዕድሜያቸውን በሙዚቃ የኖሩ ሦስት ሰዎች ከማሉ እኔ ማን ነኝ ብላ ተቀበለችን።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ዴንቨር፣ ሪንኩ ሞልቶ፣ ልጆቹ በቀይና በጥቁር አምረው። ሩምባው እንዴት እንደሄደላቸው አይተሃል፤ ሰው ትንፋሹን ውጦ ነበር። ከዚያ የእኛ ቻቻ ገባ፣ ጎኔ የተቀመጠችው ነጭ ሴትዮ ትከሻዋ መነቃነቅ ጀመረ፣ እኔም ኩራቴ አናቴ ላይ ወጣ። መጨረሻው አካባቢ ግን ልጆቹ አንድ ነገር ሆኑ። አልወደቁም፤ የሚሸሹ መሰሉ። ናታን በኋላ እንደነገረኝ አንድ ሰው ከጀርባው የሚገፋው መስሎት ነበር። ውጤቱ ሲወጣ በሙዚቃው ምክንያት ነጥብ ተቀንሶባቸዋል።

አንተ ለምን ብለህ አልጠየቅክም። ብድግ ብለህ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ፈረንጅ ስለ ከበሮ ሊያስተምረኝ ነው ወይ ብለህ ጮኸህ ወጣህ። የጮኽከው በአማርኛ ስለሆነ የገባቸው እኔና ልጅህ ብቻ ነን። ይኸው ሁለት ወር ሞላህ፤ ሪንክ አልመጣህም፣ ለልጅቱም ያንን የነሱን ዘፈን ውሰጂ ብለህ በሁለት መስመር ቴክስት ገላገልካት።

አሁን የምትናደድበት ቦታ ደረስን።

አንተ ከወጣህ በኋላ ከአሰልጣኟ ጋር ሄደን ጠየቅን። አንዲት መነጽር ያደረገች የዳኞቹ አሮጊት ባለሙያ ነበረች ያስተናገደችን፤ ፈገግ ብላ ቻቻችንን ከፈተችና ቀጭ ቀጭ እያለ እኩል ምት የሚቆጥር ሜትሮኖም ደረበችበት። መጀመሪያ አብረው ሄዱ። መሀል ላይ ትንሽ ተራራቁ። መጨረሻው ላይ ሜትሮኖሙ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ወደ ኋላ ቀረ። አንተዬ፣ ትሮጣለህ! ስትሞቅ ትሮጣለህ። እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ? እዚያው ቆሜ እንባዬ እስኪወጣ ሳቅኩ። አሰልጣኟ ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

የሳቅኩት በማንም አይደለም፣ በሦስታችን ነው። ጎማ ቤት ቁጭ ብለን ንቅንቅ አላለም ብለን ስንምል የእኛም እጅ ካንተ እኩል እየሮጠ ነበር። እኛ ዘንድ ዘፈን ሲሞቅ ካልፈጠነ ምኑን ሞቀ? ሰርግ ላይ ጭፈራው ደርቶ እያለ ባለበት የሚረግጥ ከበሮ መቺ ሌላ ሰው ይተካበታል። ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ይነሣልህ የነበረው ስለምትሮጥ ነው። ስለዚህ ማንም አልናቀህም። ሙዚቃህን መጥፎ ያለው ሰው የለም፤ ባለ መነጽሯ ሴትዮ እንዲያውም ከየት አገር እንደሆነ ጠይቃ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። የበረዶ ዳንስ ሕግ ግን ሌላ ነው። የተወሰነ እርምጃ አለ፣ በአንድ ፍጥነት ይረገጣል፣ አለቀ።

በሌላ ነገርም እንደምትቸኩል አውቃለሁ፤ ዛሬ የማወራው ግን ስለ ቻቻ ብቻ ነው።

ሳቄን ጨርሼ ወደ ቤት ስነዳ አንድ ነገር ያዘኝ። የሔቨን ክርስትና ቀን ትዝ ይልሃል? እንግዳው ሁሉ ዝፈኝልን ሲለኝ አንተ፣ ተዉአት፣ ትንፋሿ አጭር ነው፣ መጨረሻው ላይ ታልቃለች አልክ። ለቀልድ ነው፤ ሰውም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ግን ሰርግ ላይም ማኅበር ላይም አፌን ከፍቼ አላውቅም። ስላመንኩህ ነው። ለምን አላምንህም? በየቅዳሜው ያንን ዘፈን የምጨርሰው እያለከለክኩ፣ የመጨረሻዋን ቃል ግማሹን ውጬ ነበር። ትንፋሼ አጭር ነው ብዬ እንደተውኩት ይኸው ልጃችን ለዩኒቨርሲቲ ደረሰች።

ስለዚህ አልተኛልኝም። ዓንዶምን ታውቀዋለህ፣ እዚህ ኦሮራ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ መዝሙርና የሰርግ ዘፈን የሚቀዳውን። ሄጄ ያንን ቻቻ እንደ አዲስ ልዝፈነው አልኩት። ኪቦርዱንና ቤዙን ራሱ ተጫወተው፣ እኔ ጆሮዬ ላይ ያንን ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር አድርጌ ማይኩ ፊት ቆምኩ። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ለመሮጥ ተዘጋጀሁ፤ የሚያስሮጠኝ ግን ጠፋ። ቃሉን አንድም ሳልውጥ ጨረስኩት፣ ጨርሼም ትንፋሽ ተረፈኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዓንዶም የተበላሸ ነገር አለ ወይ አለኝ። የለም፣ ድገምልኝ አልኩት። መድገሙ አያስፈልግም ነበር፤ አምሮኝ ነው የደገምኩት። በመጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ከዚያ በጣም ተናደድኩብህ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ደስ አለኝ። ደስታው ነው የቀረው። አሁን በምሠራበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስሄድ እንኳ እዘፍናለሁ፤ በሽተኞቹ ሬድዮው መጣ ይሉኛል።

ይኼን የነገርኩህ ይቅርታ በለኝ ለማለት አይደለም። የምፈልገው ሌላ ነው።

ልጅህ አሁን በዚያ በነሱ ዘፈን ነው የምትለማመደው። እርምጃዋ ልክ ነው፣ ነጥብ የሚቀንስባት የለም፣ ፊቷ ላይ ግን ምንም የለም። ናታን እንኳ ሔቨን የት ሄደች ይለኛል። ባለፈው ሳምንት መኪና ውስጥ ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ልንገርህ፤ ዳድ የማይመጣው ስላሳፈርኩት ነው ወይ አለችኝ። አንጀቴን በላችኝ። ከገዛ ድራምህ ሸሽተህ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ እሷ ግን ከሷ የሸሸህ ነው የመሰላት። ይኼን እኔ ላስረዳት አልፈለግኩም። የአባትን አፍ እናት አትተካውም።

ትልቁ ውድድር ኅዳር ላይ ነው። አሰልጣኟን አነጋግሬአታለሁ፤ የማይሮጥ ቅጂ እስከ ወሩ መጨረሻ ካመጣችሁ ቻቻችሁን እመልሰዋለሁ ብላለች። ሔቨን ይኼን ስትሰማ ምን እንደሆነች ብታይ! ድምፄ አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ቤዙ አለ። የጎደለው ድራም ነው። ያለ ድራም ደግሞ አይሆንም፤ ምቱ ጥርት ብሎ መሰማት አለበት ይላል ሕጉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዓንዶም ጋ ና። ያቺን ቀጭ ቀጭ ጆሮህ ላይ ታደርጋለህ። ትጠላታለህ፤ ከእኔ ጭቅጭቅ የባሰች ናት፣ አትደክምም። ስትሞቅ ጥርስህን ነክሰህ ባለህበት ቆይ። ድሮ አንተ ትሮጣለህ እኔ እከተልሃለሁ። አሁን ድምፄ ተቀድቶ ተቀምጧል፣ አይፈጥንልህም፣ አይዘገይልህም። በዚህኛው አንተ ነህ የምትከተለኝ። ትችላለህ። ካንተ የተሻለ ድራመር አላውቅም፤ ይኼን ሳልነግርህ የኖርኩት ቀድሞውንም ስለምታውቀው ነው።

ብትመጣ ለሔቨን አስቀድሜ አልነግራትም። ሰኞ ሪንኩ ውስጥ ሲከፈት ራሷ ትስማው። የአባቷን እጅ ከሺህ ድራም ትለየዋለች።

እግዚአብሔር መንገድህን ይጠብቅልህ፣ ከክፉ ተሳፋሪና ከክረምት በረዶ ይሰውርህ፣ ወገብህን ያጽናልህ። ዓመቱን የሰላም፣ የጤና፣ የመቀራረብ ያድርግልን። ምግብህን በሰዓቱ ብላ።

አንድ ነገር ልጨምር። እድሪስ ነገሩን ሰምቶ ድራሙን እኔ ልመታው እችላለሁ፣ ዛሬውኑ እንጨርሰው ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ይችላል፤ ለልጅቱም ይበቃታል። እስከ እሑድ ቆይ አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ፈገግ ብሎ ጎማውን መንፋት ቀጠለ።

የልጅህ እናት