የቀማሁሽ ደብተር

ካንያሎ፣ ከሐይቁ ዳር
ሐሙስ ጠዋት

ውድ ሲፕሮዛ፣

ደብዳቤ በአድራሻ እንደሚጀመር ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። ያንቺን ግን ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ሚጎሪ፣ ከወንድምሽ ቤት ጀርባ፣ ሙዙ ካለበት ተቀብረሻል። የቀብርሽ ዕለት ከሰዉ ሁሉ ኋላ ቆሜ ነበር። ሰማያዊው ደብተርሽ የኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። መቃብርሽ ላይ ላኖረው ሄጄ መልሼ ይዤው መጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልረጋም። ጠዋት አጥሚቴን ይዤ ስቀመጥ ከጓሮ ዓሣ ሲፋቅ ይሰማኛል፤ ቢላዋ ቅርፊት ላይ ሲሄድ። እወጣለሁ፣ ማንም የለም። ጎረቤቶቼ ምን እንደሚሉ አንቺው ታውቂያለሽ፤ እኛ ዘንድ የተበደለ ሙት ዝም ብሎ አይተኛም። በመጀመሪያ ድመት ናት አልኩ። ቀጥዬ ዕለቱንና ሰዓቱን መመዝገብ ጀመርኩ፤ ልማዴ ነውና። አርባ ስድስት ጊዜ ሆነ። አንድም ቀን ድመት አላየሁም።

እንግዲህ የምታውቂውንም ጭምር ከሥሩ ልንገርሽ። በቅደም ተከተል ካልሆነ መናገር አልችልም።

ዶክተር ሙቲንዳ ጥናቱን ይዞ ወደ መንደራችን ሲመጣ የጠየቀው ነገር ቀላል ነበር። የኤች አይ ቪ ቫይረስ የሌለባት ሴት በየቀኑ አንድ የመከላከያ ኪኒን ብትውጥ ከመያዝ ትድናለች ወይ? አንቺ የመንደሩ የጤና ሠራተኛ ስለነበርሽ ቤት ለቤት እንድትዞሪ፣ እኔ ጡረተኛ መምህር ስለሆንኩ መዝገብ እንድይዝ ተመረጥን። በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ከሾላው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ እቀመጥ ነበር። ሴቶቹ የወሩን ኪኒን የያዘውን ብልቃጣቸውን ያመጣሉ፤ የቀረውን ኪኒን እቆጥራለሁ፤ ከሠላሳ ቀንሼ በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። ግማሾቹን አራተኛና አምስተኛ ክፍል ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

«ሮዝቤላ፣ ስንት ቀረሽ?»

«ሁለት፣ መምህር።»

«ጎበዝ!»

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ዓሣ ነጋዴ። ጎበዝ ስላት ግን እንደ ተማሪነቷ ጊዜ አንገቷን ደፋች። ሲበተኑ አንቺ ወደ እኔ መጣሽ።

«መምህር፣ እባክዎ ያንን ቀይ እስክሪብቶ ይደብቁልኝ።»

«ምን አደረገሽ?»

«እኔን ምንም። እነሱ ሲያዩት ግን መዳፋቸውን ለአለንጋ ሊዘረጉ ይቃጣቸዋል። እርስዎ ፊት ‹አልዋጥኩም› የምትል የተወለደች መሰለዎት? ይልቅ እርስዎ ቤትዎ ይዋሉና እኔ ዓሣ እየፋቅን ልጠይቃቸው።»

«ሥራ በወሬ አይሠራም፣ ሲፕሮዛ።»

«ኧረ መምህር! ወሬ ባይኖር ይሄ መንደር በምን ይኖር ነበር?»

አሁን የማውቀውን ያን ጊዜ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር። ብልቃጡ ቅርጫት ውስጥ ይንሿሿል፤ የሰማ ሁሉ «በሽተኛ ናት» ይላል። ባለ ጀልባው ከሰማ ዓሣውን ለሌላ ሴት ይሰጣል፤ ዓሣውን ለሴት ሲሰጥ ከገንዘቧ ሌላ ገላዋን እንደሚጠይቅ ደግሞ ሁላችንም እያወቅን ዝም ያልነው ነው። ስለዚህ በዋዜማው ረቡዕ ከሰዓት ኪኒኑን ሐይቅ ውስጥ ይበትኑና ሁለት ሁለት እያስቀሩ ለመምህራቸው ያመጡ ነበር። ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው፣ መንደሩ በሙሉ ሁለት ሲያስቀር ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አንድ ሐሙስ ደብተርሽን ወንበር ላይ ትተሽው ገለጥኩት። የአሥራ አንድ ሴቶች ስም አለ፤ ከጎኑ የነገሩሽ ቁጥር። ለሮዝቤላ እኔ ሃያ ስምንት ጽፌያለሁ፤ አንቺ አራት። ሴቶቹ ሁሉ እያዩ፣ የሚኮርጅ ተማሪ እንደያዝኩ ደብተሩን ከፍ አድርጌ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩሽ።

«የነገሩኝ ነው።»

«እኔ በጣቴ የቆጠርኩትን አንቺ በጆሮሽ ልትሽሪው ነው?»

አንቺ ጠጋ ብለሽ፣ እነሱ በማይሰሙት ድምፅ፣ «ይውሰዱት፣ መምህር። ስማቸውን ግን ለማንም አያሳዩብኝ። አምነውኝ ነው የነገሩኝ» አልሽ።

በዚያው ሳምንት ለዶክተር ሙቲንዳ «የፈጠራ ቁጥር ትመዘግባለች» ብዬ ጻፍኩ። ወሩ ሳያልቅ ተሰናበትሽ። ኪኒን ትሸጥ ነበር የሚል ወሬ ተነዛብሽ። ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር፤ አላስተባበልኩም። ቤትሽን ዘግተሽ ወደ ወንድምሽ ሄድሽ።

ለማንም ያልተናገርኩት ይህ ነው፦ ደብተሩን ከደብዳቤዬ ጋር አላያያዝኩም። አደራሽን አክብሬ እንዳይመስልሽ። ሐኪሙ ካየው ያምንሻል ብዬ ፈርቼ ነው። እንግዲህ እኔም አምኜሽ ነበር ማለት ነው።

ከስድስት ወር በኋላ የደም ምርመራው መጣ። የአብዛኞቹ ደም ውስጥ ኪኒኑ የለም። ሮዝቤላ ተይዛለች። ዶክተር ሙቲንዳ መዝገቤን አገላብጦ «በጣም ንጹሕ መዝገብ ነው፣ መምህር» አለኝና ዘጋው። ስድብ አልነበረም። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ደብተርሽን እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ከቀብርሽ ስመለስ ነው። ከመቀማቴ አንድ ቀን በፊት እንዲህ ጽፈሻል፦ «ሮዝቤላ ብልቃጡ እኔ ቤት ይቀመጥልኝ አለች። ከመጪው ወር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ትውጣለች።»

ባለፈው ወር ዶክተር ሙቲንዳ ተመለሰ። ሸብቷል። አሁን በየሁለት ወሩ የሚወጋ የመከላከያ መርፌ አለ፤ አይንሿሿም፣ መደበቂያ አይፈልግም። ከመጀመሩ በፊት ግን ያን ጊዜ ለምን እንደወደቅን ማወቅ ይፈልጋል። መልሱ እኔ ጋ፣ ደብተርሽ ውስጥ ነው። ብሰጠው ስምሽ ከሐሜት ይጸዳል፤ ብሰጠው አደራሽን በላሁ ማለት ነው። ጓሮዬ ያለው ቢላዋ ይፍቃል እንጂ አይመክርም። ስለዚህ ወደ ሮዝቤላ ሄድኩ። መድኃኒቷን በወጉ ትወስዳለች፤ ደህና ናት። ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ሐይቁ ዳር የዓሣ ሆድ ዕቃ ስታወጣ አገኘኋት።

«ሮዝቤላ፣ የሲፕሮዛ ደብተር እኔ ጋ ነው።»

«እናውቃለን።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ቀምተው ሲያሳዩን አልነበር እንዴ? መምህር ደግሞ የቀሙትን መቼ መልሰው ያውቃሉ! የኔ መስታወት ራሱ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ እርስዎ ጋ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልቻልኩም።

«እስቲ የኔን ያንብቡልኝ» አለች።

«አራት ይላል።»

ቢላዋዋን አቆመች። «አራት? አንድ ነው የዋጥኩት። አስመለሰኝና ተውኩት። ለሷም ዋሸኋት፤ እንዳይከፋት ብዬ።»

«እሷ ቤት ሊቀመጥ ስለነበረው ብልቃጥስ?»

ዓሣውን ወደ ቅርጫቱ ጣለች። «እሱ እውነት ነው። ብልቃጡን ይዤ ሄጄ ነበር። በሩ ተቆልፏል።»

ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳት። አይዞዎት አላለችኝም፤ አልረገመችኝምም። «የኔን ስም አይፋቁት። የሌሎቹን ግን አንድ በአንድ ይጠይቋቸው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አንድ በአንድ ሄድኩ። ስድስቱ ፈቀዱ፤ ሁለቱ እምቢ አሉ፤ ሁለቱ ሞተዋል። የአራቱን ስም በምላጭ ቆርጬ አወጣሁ። ከዚያ መንደሩ ከሾላው ሥር በተሰበሰበበት ደብተሩን ለዶክተር ሙቲንዳ ሰጥቼ «ሲፕሮዛ የሰማችውን ጽፋ ነበር። ኪኒን አልሸጠችም። ሐሰተኛው መዝገብ የኔ ነው» አልኩ። ያጨበጨበ የለም። አንዲት ሴት ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ ተነሥታ ሄደች።

ሲያበቃ የሮዝቤላ ታናሽ እህት ዶርካ ጠራችኝ። ያንቺ ቦታ ላይ የተመደበችው እሷ ናት።

«መምህር፣ ሴቶቹን ከሐሙስ ጀምሮ እኔ ነኝ የማናግራቸው።»

«መዝገቡን ልያዝልሽ?»

«አይ።» እጄን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «አይቆጡኝና፣ እርስዎ ካሉ አይናገሩም። ባይመጡ ነው የሚሻለው። በዚያ በኩልም ባያልፉ።»

እሺ አልኳት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሳቃቸው እዚህ ድረስ ይሰማል፤ የሚሉት ግን አይሰማም፤ መሰማትም የለበትም። ደብተሩ ከእጄ ሲወጣ ቤቴ ይረጋል ብዬ ነበር። አልረጋም። እነሱ በሚነጋገሩበት ቀን ከግቢዬ ላልወጣ ቃል እገባልሻለሁ። አንቺ ግን ነይ። ድምፅሽን መቁጠሩን ትቼዋለሁ፤ እስክሪብቶም አልይዝም። የምትነግሪኝ ካለሽ ንገሪኝ። እሰማለሁ፤ አልጽፈውም።

የበደለሽ፣
ሔዝሮን ኦጉቱ