አባታችን በእግራቸው የመሰከሩት

ለውድ ወንድሜ ለአንለይ አያልነህ፤ ሐረር።

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የሐረር አየር ተስማማህ? አብረውህ የሚያድሩት ወታደሮችስ ደኅና ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ጽሕፈቴ ቢወላገድ በራስህ ፍረድ።

አባታችን ታመው ነበር። አትደንግጥ፣ በሕይወት አሉ። ወሬው በሰው አፍ ተጣሞ ሳይደርስህ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።

ክረምቱን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ደለል ሲያለብሰው የጎረቤታችን የይታይሽና የያየህ ድንበር ጠፋ። ይታይሽ ባሏ ሞቶባታል፤ ያየህ መሬቷን ሲገፋባት ሽማግሌ አስቀመጠች። ድንበሩ የዋንዛ ጉቶ እንደነበረ፣ የቱ ጋ እንደነበረም የሚያውቁት አባታችን ናቸውና ምስክር ቆጠረቻቸው። ቁሐር ሚካኤል ደጃፍ ማሉ። ከዚያ ቦታውን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ምላሳቸው ተሳሰረ። አፋቸው ተጣመመ፣ ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ አንድ እርምጃ ሲሉ ተንገዳግደው ወደቁ። ሰከሩ እንዳይባል ረቡዕ ነው፣ እህል ውሃ አልቀመሱም። ያየህ ግን በሐሰት ሊመሰክሩ ሲሉ መሐላው ያዛቸው ብሎ ጮኸ፤ ሰውም አመነው። እግዜር ያሳይህ፣ ሽማግሌ ወድቆ እያዩ ለማንሣት ፈሩ! እናታችንና እኔ አነሣናቸው።

በቃሬዛ ወረታ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ድሬሰሩ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ድንገት ምላሱ ሲተሳሰርና እግሩ ሲከዳው በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው የደም ሥር ታውኮ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡ አለን። አእምሯቸው ደኅና ነው፣ አንደበታቸውንና እግራቸውን ግን ሳትሰለቺ አለማምጃቸው አለኝ። ሰው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሲል ወሰድኳቸው፣ ጣራ ገዳም ጠበል ሲል አስጠመቅኳቸው፤ ማለማመዱን ግን አልተውኩም። ጠዋት ጠዋት ትከሻዬን አስይዤ በማሳው ዳር አስኬዳቸዋለሁ፣ አቡነ ዘበሰማያትን ጮክ ብለው እንዲደግሙ እጨቀጭቃቸዋለሁ። አንድ ቀን ተናድደው በትር አነሡብኝ። ያነሡት በቀኝ እጃቸው ነበርና ከደስታ ብዛት አለቀስኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እስኪጠራ ቁጭ ብዬ የምጠብቅ አይደለሁም። ኅዳር ላይ ሽማግሌዎቹን ደጅ ጠናሁ። አንደበቱ የተያዘ ሰው እንዴት ይመሰክራል አሉኝ። እንግዲያው በእግራቸው ይመስክሩ አልኳቸው። ሴት ልጅ ሸንጎ ፊት ስትሟገት ነውር ነው ያለም ነበር፤ ይበል። በመጨረሻ እሺ አሉኝ።

አባታችን ትከሻዬን እምቢ ብለው፣ በምርኩዛቸው ብቻ፣ ሜዳውን እየተንገዳገዱ ተሻገሩ። አንዴ ወደቁ፤ ላነሣቸው ስሮጥ በዓይናቸው ገሠጹኝና ራሳቸው ተነሡ። ከዚያ አንድ ቦታ ቆመው ምርኩዛቸውን ተከሉ። ሲቆፈር ጉቶው ከደለሉ ሥር ወጣ። ያየህ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመነ። አባታችን እግዜር ይፍታህ ለማለት ምላሳቸው ብዙ አስቸገራቸው። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ጠበቃቸው፤ አንድም ሰው አልሳቀም፣ ቃላቸውንም ከአፋቸው የቀማ የለም።

እናታችን ጉንጩን ሳሚልኝ ብላለች። ባለቤቴ ስማቸው እጅ ነሥቶሃል፤ ታናሻችን ንግሥቲ ቀሚስ አምጣልኝ ትላለች፤ ይታይሽም ትመርቅሃለች። አባታችን ስምህን ሊጠሩ በየቀኑ ይታገላሉ፤ እስካሁን «አን» ላይ ይቆማሉ። ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቀህ ና፤ የቀረውን እስክትደርስ አስጨርሳቸዋለሁ።

እህትህ ገላነሽ አያልነህ
ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል
ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.