ማንም ያልተያዘበት ቅዳሜ

ቅዳሜ

ካርዱን ከኤደን አንገት ላይ በጥሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አልመልስም። የሚፈልገው ይምጣና ይጠይቀኝ።

ስለተናደድኩ ቅደም ተከተሉ ይጠፋብኛል። በቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት እኔ ትልልቆቹን አስተምራለሁ። ትንንሾቹን፣ የኔን ልጅ ጨምሮ፣ የምታስተምረው አልማዝ ናት። ዛሬ ክፍሌን ጨርሼ ስወጣ ኤደን ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለ ቀይ ካርድ አለ። «እንግሊዝኛ ተናግሬአለሁ» ይላል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ኢትስ ኦኬ ማሚ። እንግሊዝኛ የሚያወራ ልጅ ካች ካደረግኩ ለሱ እሰጠዋለሁ።»

ስታወራኝ አታየኝም። በአጠገባችን የሚያልፉትን ልጆች አፍ አፋቸውን ነው የምታየው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንደዚያ ሰው ስትጠብቅ አይቻት አላውቅም።

መጨረሻ ላይ ካርዱ የቀረበት ልጅ ሌሎቹ ሲጫወቱ ወንበር ይደረድራል። የኮሚቴው አዲስ ደንብ ነው። ያመጡት ሰብሳቢያችን ጋሽ ተስፋዬ ናቸው። አስተማሪ ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

የሚገርመው ይህንን ነገር አውቀዋለሁ። ሐሙስ ኮሌጅ የማቀርበው ጥናት ስለዚሁ ነው!

እሁድ

ከብሩክ ጋር ተጨቃጨቅን። ከቸርች ስንመለስ መኪና ውስጥ ጀምረን ሬንተን ቤታችን ድረስ።

«ካርድ ነው እንጂ ዱላ አይደለም» ይላል ባሌ። «እናቴ በደወለች ቁጥር ኤደን ሃይ ብላ ስልኩን ለኔ ትመልሳለች። እናቴ ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? ልጅቷ ጠልታኛለች ወይ ትለኛለች።»

ስለ ዌልስ ነገርኩት። እዚያው ብሪታንያ ውስጥ ነው፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሰዎች አገር። ድሮ በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲያወራ ከተሰማ ፊደል የተቀረጸበት ቁራጭ እንጨት አንገቱ ላይ ያንጠለጥሉበታል። እሱም ሌላ ልጅ ሲያወራ ሰምቶ ያስተላልፋል። ሲመሽ እንጨቱ የተገኘበት ይገረፋል። ከለንደን የተላኩ መርማሪዎች ቋንቋውን ሳይችሉት፣ ሕዝቡን ወደኋላ ያስቀረው ይሄ ቋንቋ ነው ብለው ጻፉ። በቅኝ ግዛት ዘመን ኬንያም ውስጥ እንደዚሁ ተደርጓል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ዌልስ ውስጥ እንጨቱን ያንጠለጠሉት ብዙዎቹ የዚያው አገር ልጆች የሆኑ መምህራን ናቸው። ወላጆችም እሰይ ብለዋል። ልጃችን ያልፍለታል ብለው።

«እነሱ ቋንቋ ለማጥፋት ነው» አለ ብሩክ። «እኛ ለማዳን ነው። እንዴት አንድ ይሆናል?»

መልስ አጣሁ። ግን አልተሸነፍኩም። መልስ ማጣትና መሸነፍ ይለያያል።

ሰኞ

ከሥራ በኋላ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ሄድኩ፣ ጋሽ ጉዮ ጋር። ፓርክ የማደርግበት አጥቼ ሦስት ጊዜ ዞርኩ።

ጋሽ ጉዮ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው። የተወለዱት ሞያሌ ነው፣ በኬንያ በኩል። አገሩ ገና በእንግሊዝ እጅ እያለ ማርሳቢት አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተዋል። አማርኛውን የተማሩት በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ሲናገሩት የቦረና ለዛ አለው። ጥናቴን ነገርኳቸው።

«እኛ ዘንድ ጣውላ ነበር» አሉ። «ዱላው ይረሳል። ያልረሳሁት ጓደኛዬን ነው። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ጣውላው እሱ ጋ ሲሆን መጥቶ ያስቀኛል። በጣም አስቂኝ ልጅ ነበር። ስስቅ አንድ የቦረና ቃል ታመልጠኛለች። ወዲያው አንገቴ ላይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መሳቅ ተውኩ። ከሱ ጋር በየትኛውም ቋንቋ አላወራሁም።»

ቅዳሜ በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህንን ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። «አንቺም እንዳታወሪው። የራሴ ነው፣ ለክርክር አይሆንም።»

ቃል ገባሁ። እዚህ ብቻ ጻፍኩት። ሶ፣ ብቻዬን ነኝ።

ማክሰኞ

ጋሽ ተስፋዬ ደወሉ። «ትርሲት፣ ካርዱን ወስደሻል አሉ።»

«አዎ ጋሼ፣ ወስጃለሁ። አልመልስም።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ ቁጣ ይሻለኝ ነበር። «ባለቤቴ ስታርፍ እንግሊዝኛው ጠፍቷት ነበር» አሉኝ። «በመጨረሻ አማርኛ ብቻ ቀረላት። ልጄ እጇን ይዞ ምን እያለች ነው አባዬ ይለኛል። እኔ ልተርጉም ወይስ ላልቅስ? አንቺ መጽሐፍ ታነቢያለሽ። እኔ ያንን ክፍል አይቼዋለሁ።»

አዝናለሁ አልኩ። ከልቤ ነው። «ግን ጋሼ፣ ልጅዎ ያን ቀን ያጣው ቋንቋ ነው። ካርድ ቢያንጠለጥሉበት ኖሮ ማውራቱንም ያጣ ነበር።»

ስልኩን ዘጉብኝ።

ረቡዕ

ደክሞኛል። የሚያስጨንቁኝን ልጻፍና ይውጣልኝ። ክፍሌን እነጠቅ ይሆናል። ብሩክ አኩርፏል። በሐዘናቸው የገባሁባቸውን ጋሽ ተስፋዬን በምን ዓይን ነው የማያቸው? ነገ የማቀርበውን ገና አልጨረስኩም። ዳቦ አልቋል።

ሐሳቤን ልቀይር? አልቀይርም።

ሐሙስ

አቀረብኩ።

ሁሉም በኬንያው ታሪክ አዘኑ። አንዱ ተማሪ ራሱን እየነቀነቀ «የዚያ ዘመን ሰዎች ጨካኞች ነበሩ» አለ። ጨካኞች ብቻ ቢሆኑማ ቀላል ነበር አልኩት። ልጆቻቸውን የሚወዱ ሰዎችም አድርገውታል።

መምህሯ እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ አይተሽ ታውቂያለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ብነግራቸው ጥሩ ማርክ አገኝበት ነበር፣ ይታወቀኛል። «አይቻለሁ» አልኩ። «ግን የቤቴ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ እዚያው እጨርሰዋለሁ።»

ጋሽ ተስፋዬን ለማያውቋቸው ሰዎች መሳቂያ አላደርግም። የምጣላቸው እኔ ነኝ።

ዓርብ

ኤደን ነገ አልሄድም አለች። ለምን ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ብሩክ ሰማ። ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

ቅዳሜ

ኤደንን አልወሰድኳትም። የኔን ክፍል እንደ ወትሮዬ አስተማርኩ፣ ያለ ካርድ። አልማዝ ክፍል አዲስ ካርድ ተሠርቷል።

ከትምህርት በኋላ ስብሰባ። ወላጆች አዳራሹን ሞሉት። ከኤቨረት ድረስ የመጡ አሉ። ያሰብኩትን ተናገርኩ፤ ስለ ዌልስ፣ ስለ ኬንያ። የጋሽ ጉዮን አላነሳሁም። ከኋላ ተቀምጠው ያዩኛል። አንድ አባት «እንግሊዝን ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ።

ጋሽ ተስፋዬ ተነሱ። «ደንቡን ካልተቀበልሽ ክፍሉን አስረክቢ።»

«አስረክባለሁ» አልኩ። «በማስተምርበት ክፍል ግን ልጅ ልጅን አይሰልልም። አማርኛን ከማንም ባላነሰ እወደዋለሁ፤ ቅጣት አድርጌ አላስተምረውም።»

ያኔ አልማዝ እጇን አወጣች። ዓይን አፋር ናት፣ በስብሰባ ተናግራ አታውቅም። «ሪፖርት አለኝ» አለች። «ዛሬ ማንም አልተያዘም። ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ዋለ።»

ተጨበጨበ! ጋሽ ተስፋዬ እኔን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«አልጨረስኩም» አለች አልማዝ። «ማንም አልተያዘም፤ ማንም አፉን ስላልከፈተ። አማርኛ ሲሳሳቱ እንግሊዝኛ እንዳያመልጣቸው ፈርተው ሁለቱንም ተዉት። ስም ስጠራ እጅ ብቻ ነው የሚያወጡልኝ። አንድ ልጅ ሽንት ቤት ልሂድ ማለት ፈርቶ ሱሪው ላይ ለቀቀው። ስሙን አልናገርም። እኔ ነኝ ያጠብኩት። ባለፈው ወር ያ ልጅ በተሰባበረ አማርኛ ስለ ውሻው ሲያወራኝ ነበር።»

እናቶች ወደየልጆቻቸው ዞሩ፣ የማን እንደሆነ ለማወቅ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የተነሳው ብሩክ ነው። የኔው ብሩክ! «የኛ ልጅ ዛሬ ያልመጣችው በዚህ ነው። ካርዱን ደግፌ ነበር፤ ከእንግዲህ አልደግፍም» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ሌሎችም ተነሱ። ሁሉም አይደሉም። ያ የጮኸው አባት ተቆጥቶ ወጣ።

«ካርዱ ይቅር» አሉ ጋሽ ተስፋዬ በመጨረሻ። «ግን ትርሲት፣ በምትኩ ምን አለሽ? ወይስ ልጆቹ እንዲሁ ይቅሩ?»

«እርስዎ አሉ» አልኩ፣ ሳላስበው። «መጥተው ያውሩላቸው። በደንብ የሚያወራ ሰው ይስሙ፣ ይጠይቁዎት፣ ይሳሳቱ።»

ኮታቸውን ያዙና ወጡ። ጋሽ ጉዮ ሲያልፉ ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ሄዱ።

እሁድ

ቸርች አልመጡም፣ ጋሽ ተስፋዬ። ቦታቸው ባዶ ነበር። ማሸነፌ አልታየኝም።

ከሰዓት በኋላ ደወሉ።

«ምንድነው የማወራላቸው?»

«ደስ ያለዎትን። ታክሲ ስለነዱበት ጊዜ።»

«ኦኬ።» ዘግተውት እንደሆነ ብዬ ስልኩን አየሁ። «ልጄስ?» አሉ። «ትልቅ ሰው ነው፣ እሱም ወልዷል። ከሕፃናቱ ጋር ቢቀመጥ ያስቅ ይሆን?»

«ይቀመጥ ጋሼ። ወንበሩ ነው ትንሽ የሚያንሰው።»

ሳቁ። ሲስቁ የሰማኋቸው ዛሬ ገና ነው። ልጁን ግን እስካሁን አልጠየቁትም። እምቢ ቢለኝስ ብለው ፈርተዋል።

ይጠይቁት ብያቸዋለሁ። በየትኛው ቋንቋ ሲሉኝ፣ በቀለለዎት አልኳቸው።