ወይዘሮ ጣቢታ ማንበብ በመቻላቸው ለደረሰብዎ እንግልት

ለተከበሩ ጓድ ዋለ፣
የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በስብሰባ ብዛት የደከመው ድምፅዎ፣ ማኅተም ሲመታ የሚውለው ክንድዎ ሁሉም በያለበት ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን አስተማሪ ኤሊያስ ጠና፣ ጣቢያው ከተቆለፈ ወዲህ ሥራ ስለፈታሁ ይህን ምስጋና ጽፌ በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ጊዜ አግኝቻለሁ። ለሰጡኝ ዕረፍት በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት ጣቢያው ሲከፈት፣ ከሆሳዕና የመጡትን በሀዲይኛ የተዘጋጁ መጻሕፍት ራስዎ በጭብጨባ ስላስረከቡን እናመሰግናለን። ሰው በአፉ የሚያውቀውን ቃል በዓይኑ ሲያየው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚማር ያኔ ገባኝ። ባላቸው የሞቱባቸውና ቆጮ እየሸጡ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት ወይዘሮ ጣቢታ፣ እንሰት ሲፍቅ በዋለ እጃቸው ጠመኔ ሲይዙ ጣታቸው አልታዘዝ ይላቸው ነበር። በአራተኛው ወር ግን መጽሐፉን ጨርሰው፣ ገበያ ላይ በለመዱት አማርኛ የተጻፈውንም ያነቡ ጀመር፤ የሱቅ ስም፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈ መፈክር ሳይቀር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የቱ ላይ ማቆም እንዳለባቸው አላስተማርኳቸውም።

ሁለተኛ፦ በሚያዝያው ስብሰባ፣ የወይዘሮ ጣቢታን የእንሰት ማሳ ለማኅበሩ ክበብ መሥሪያ የሚሰጥ ወረቀት አዘጋጅተው፣ በማንበብ እንዳይደክሙ አዝነው የአሻራ ቀለሙን ብቻ ስላቀረቡላቸው። «የድጋፍ ወረቀት ነው፤ አውራ ጣትዎን ብቻ ያሳርፉ» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል። ወይዘሮ ጣቢታ ግን ወረቀቱን አንስተው፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቀስ ብለው፣ ግን ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ ቀና አሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሌላው በደንብ ተጽፏል። ይሄ ‹በፈቃዴ› የሚለው ግን ስህተት አለበት። እኔ አልፈቀድኩም። ልጆቼ የሚበሉት ከዚያ ነው።»

ጣታቸው ከቃሉ ላይ አልተነሣም። ስብሰባውን ሊከታተሉ ከአውራጃ የመጡት እንግዳ ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፍነው «ይቆይ» ሲሉ ወረቀቱ ወደ ኪስዎ ገባ፤ ማሳውም እስከ ዛሬ በባለቤቱ እጅ አለ። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፦ ከማግስቱ ጀምሮ ለትምህርት ላሳዩት ትጋት። የትምህርቱን ሰዓት ወደ ገበያ ቀን ጠዋት አዛወሩልን፤ ሠላሳ አንድ የነበሩት ተማሪዎች አራት ቀሩ። መጻሕፍቱን እንዳይቆሽሹ ብለው ቢሮዎ ውስጥ ቆለፉልን። ቀጥሎም «ተማሪ የለም» ብለው በሩን ዘጉት። ትምህርት እንዴት እንደሚሰናከል ለማወቅ የሚሻ ሰው ካለ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

አራተኛውን ላልፈው ነበር፤ ደስታዬ ግን አላስቻለኝም። በሰኔ ለአውራጃው በላኩት ሪፖርት ማኅበራችን ከመሃይምነት መቶ በመቶ ነፃ መውጣቱን በማየቴ እንኳን ደስ አለን። በተለይ ከሁለት ዓመት በፊት የቀበርናቸው አቶ ወልደ ሰንበት ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ማለፋቸው ቤተሰቡን አስደንቋል።

ስለ እኛ አይጨነቁ። ወይዘሮ ጣቢታ የቤታቸውን በር ነቅለው፣ በከሰል አጥቁረው፣ ግቢያቸው ውስጥ ሰሌዳ አድርገው አቁመውታል። ተማሪዎቹ የሚመቻቸውን ሰዓት ራሳቸው መረጡ፤ ከእንሰት ሥራ በኋላ። መጽሐፍ ባይኖርም ወይዘሮ ጣቢታ ትምህርቱን በቃላቸው ይዘውታልና፣ እሳቸው ያስጽፋሉ፣ እኔ አርማለሁ። ባለፈው ሳምንት አርባ ስድስት ደረስን። እርስዎ የዘጉት ክፍል እንኳ ይህን ያህል ሰው አይችልም ነበር።

ክንድዎን ከማኅተም፣ ጆሮዎን ከጭብጨባ ለአንድ አፍታ እንዲያሳርፉ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ቁመት ዝቅ፣ ከአጥሩ ጥግ ጠጋ ብዬ እጅ የምነሣው፣

ኤሊያስ ጠና
በር በሌለው ቤት ደጃፍ የሚያስተምር

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ተናኜም ከተመዘገቡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው፤ ስማቸውን አሳምረው ይጽፋሉ። አሁን ደግሞ «የት አመሸህ?» የሚለውን እንድናስጽፋቸው ጠይቀውናል፤ ሰኞ እንጀምራለን።